የደነገጠ እጅ

“እትዬ በለጠች፣ ልጅዎ ሲደነግጥ እጁ ወዴት ይሄዳል?”

ገዱ ይህን ሲጠይቃት ጭንቅላቱ ከመሪው ሥር፣ እግሮቹ ከመኪናው በር ውጪ ነበሩ። ፊቱ አይታያትም። በለጠች ግሪስ ከጠጡ ሁለት ጫማዎች ጋር የምታወራ መሰላት።

“እንዴት ያለ ጥያቄ ነው ደግሞ?”

“የምሬን ነው። ሰው ሲደነግጥ አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይስባል። አንዳንዱ እንደኔ ሁለቱንም ትቶ ይጮኻል። ታደለስ የትኛው ነው?”

በለጠች ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና አሰበች። ስለ ታደለ የማታውቀው ነገር ያለ አይመስላትም ነበር። ሲዋሽ ጆሮውን እንደሚያክ ታውቃለች። የበላው ሳይስማማው ሲቀር ገና ሳይነግራት ከአረማመዱ ትረዳለች። የመጀመሪያ ጥርሱ ሲወልቅ የማን ቤት ጣራ ላይ እንደወረወረው እንኳ አልረሳችም። ሲደነግጥ ግን እጁ ወዴት ይሄዳል? አጥባ፣ አጉርሳ ያሳደገችው እጅ ነው።

“እኔ እንጃ” አለች በመጨረሻ። እሑድ እሑድ በምትማርበት የጎልማሶች ክፍል፣ መምህርት ፍቅርአዲስ ወደ ሰሌዳው ስትጠራት የሚሰማት ሙቀት ፊቷ ላይ ወጣ። “እሱን አትጠይቀውም?”

ታደለ ከጋራዡ አጥር ሥር፣ በተጋደመ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ምርኩዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል።

“እኔ አልደነግጥም” አለ።

“እሰይ!” አሉ ጫማዎቹ። “ደባርቅ የማይደነግጥ ሾፌር አገኘች። እንግዲያው በለመድኩት እሠራዋለሁ።”

መኪናዋ አሮጌ ላንድክሩዘር ናት። ነጭ እንደነበረች ይነገራል፤ አሁን ግን ቀለሟ የመንገዱ ነው። ቱሪስት ሲኖር ቱሪስት ይዛ ወደ ሳንቃ በርና ወደ ጨነቅ ትወጣለች። ቱሪስት ሲጠፋ ገብስ፣ ሙሽራ፣ ታማሚ ትጭናለች። ሌላ መኪና ጎማው የሚንሸራተትበትን አቀበት እሷ ድንጋዩን እየቆነጠጠች ትወጣዋለች። ታደለም የሚታወቀው በዚሁ ነበር። “እሱ ሲነዳ እንቁላል ብትጭን አይሰበርብህም” ይሉታል።

ባለፈው ነሐሴ ወደ ጨነቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ናዳ ወረደ። ታደለ ከሌሎች ሾፌሮች ጋር ድንጋዩን ሲያነሣ አንዱ ቋጥኝ ተንከባልሎ ቀኝ እግሩ ላይ አረፈ። አጥንቱ ቆይቶ ገጠመ። ቁርጭምጭሚቱ ግን ዝጎ እንደቀረ ማጠፊያ ሆነ፤ አልታጠፍ አለ። እግሩን በሙሉ ከጭኑ ጀምሮ ገፍቶ ፍሬኑን መርገጥ ይችላል። ነዳጅ መስጫው ግን ሌላ ነገር ነው።

“ፍሬን ይረገጣል፤ ነዳጅ ይባበላል” ነበር ያለው ገዱ። “በደረቀ እግር ማባበል የለም።”

ታደለ አንድ ጊዜ ሞክሮ ነበር። መኪናዋ እንዳልተገራ በቅሎ ዘላ ዘላ የጎረቤት አጥር ጥግ ላይ ቆመች። ከዚያ ወዲህ ቁልፉን ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

ይህን የሰማው አንዳርጋቸው፣ የበለጠች የወንድሟ ልጅ፣ ከጎንደር ደወለ። አንዳርጋቸው የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ ያለው፣ ወፈር ያለ፣ ደግ ሰው ነው። “መኪናዋን እኔ ልግዛት” አለ። “ታደለም እኔ ዘንድ ይምጣ። ካዝናው ላይ የሚቀመጥ ታማኝ ሰው እፈልጋለሁ። ወንበር አለ፣ ሥራው አይከብድም። ቅዳሜ መጥቼ ሁለቱንም ይዤ እመለሳለሁ።”

ቤተሰቡ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን አለ። ታደለም “እሺ” አለ።

በለጠችን ያስደነገጣት ይህች “እሺ” ናት። ታደለ ከተወለደ ጀምሮ ለምንም ነገር በአንድ ጊዜ “እሺ” ብሎ አያውቅም። ገንፎ ሲቀርብለት እንኳ ሦስት ጊዜ ተከራክሮ ነው የሚበላው። ልጁ የታመመው እግሩን ብቻ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባት። ጎንደር ከሄደ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠም አይነሣም።

በማግሥቱ ገብስ ይዛ የገሠሠ ወፍጮ ቤት ሄደች። ተራዋን ስትጠብቅ ገሠሠ የናፍጣ ሞተሩን ሲያስነሣ አየችው። ከጎኑ ያለችውን ዘንግ በእጁ ሳብ ሲያደርግ ወፍጮው ያጓራል፤ መለስ ሲያደርግ ያንጎራጉራል። ለዓመታት ያየችው ነገር ነው። ያን ቀን ግን ገብሷን እዚያው ትታ በቀጥታ ገዱ ጋራዥ ሄደች።

“ገዱ፣ ወፍጮ በእጅ ነዳጅ ከበላ መኪና ለምን በእግር ብቻ ይበላል?”

ገዱ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና መዶሻውን አስቀመጠ። “የድሮዎቹ ላንድክሩዘሮች እኮ የእጅ ነዳጅ መስጫ ነበራቸው። ቆላ ሳለሁ የነዳሁት ትራክተርም እንደዚያው ነው። እንዴት ረሳሁት!” አለ። “መኪናዋን ያምጧት።”

እንዲህ ተጀመረ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ግን በለጠችን ሁለት ፍርሃት ያዛት። ልጇ ይሄድብኛል ብላ ትፈራለች። ይቀርና በዚያ ገደል መንገድ በእጁ ይነዳል ብላም ትፈራለች። አንዱ ሲተዋት ሌላው ይቀበላታል።

ገዱ ገመዱን ከተሰበረ ባጃጅ አወጣ። ሞላውን ከአሮጌ የበር መዝጊያ ፈታ። ዘንጉን ከብረት ቆርጦ ከመሪው በስተቀኝ አቆመው። ለእጀታው ደግሞ የበለጠች ባል ይግዛው አንድ የተሰበረ የአለንጋ እጀታ ይዞ መጣ፤ በብዙ ዓመት መዳፍ የለሰለሰ ወይራ ነው።

ይግዛው የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ የሚያመላልስ ሰው ነው። መኪናዋን ከተገዛች ጀምሮ አይወዳትም።

“በቅሎ እግሯን ይዛ ነው የምትወለድ” አለ እጀታውን ለገዱ ሲያቀብል። “ለናንተዋ ደግሞ እጅ ልታበቅሉላት ነው። ቀጥሎ ምን ትፈልግ ይሆን? ጥርስ?”

“እርስዎ ብቻ ገብስ እንዳያበሏት” አለው ገዱ።

“ሞላው ምን ያደርጋል?” በለጠች ጠየቀች። ጥያቄ ሳታበዛ መቆም አትችልም።

“ታደለ ዘንጉን ከለቀቀው ሞላው ራሱ ይመልሰዋል። ነዳጁ ይቀንሳል። ማርሽ ለመቀየር እጁን ሲያነሣም እንደዚያው።”

“ሞላው ቢበጠስስ?”

“ሁለት አድርጌበታለሁ።”

“ሁለቱም ቢበጠሱስ?”

“እማዬ!” አለ ታደለ።

“እንግዲያው ፍሬን አለው፣ የእጅ ፍሬን አለው፣ ማጥፊያ ቁልፍ አለው” አለ ገዱ በትዕግሥት። “ከዚያ በኋላ የሚቀረው የእርስዎ ጸሎት ነው።”

ሐሙስ ዕለት ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው መስክ ሊሞክሩት ወጡ። ድርቆሽ ታጭዶ የተከመረበት ጊዜ ስለነበር መስኩ ሰፊና ባዶ ነው። በአንድ ጎኑ ብቻ የመሪጌታ ኪዳነ ማርያም የድርቆሽ ክምር እንደ ጎጆ ቆሟል። ይግዛው በቅሎዎቹን ከውኃ ሲመልስ አላየሁም ለማለት ዘወር እያለ፣ ግን እያየ ቆመ። በለጠች የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ ከአጥሩ ተጠጋች።

ታደለ ዘንጉን ወደ ራሱ ሳብ አደረገው። መኪናዋ አጉረመረመችና ቀስ ብላ ተነሣች። መስኩን ዞረች። ጉብታውን እንደ ድሮዋ እየቆነጠጠች ወጣችው፤ ወረደችው። ታደለ በመስኮቱ ብቅ ብሎ ሳቀ። ከነሐሴ ወዲህ በለጠች ይህን ሳቅ አልሰማችም ነበር። የነከሰችው ነጠላ ከአፏ ወደቀ።

“ድገመው!” ጮኸ ገዱ።

ደገመው። ዙሩን ሊጨርስ ሲል የይግዛው ታናሽ በቅሎ ቦራ ገመዷን በጥሳ፣ ጆሮዋን አጥፋ፣ በመኪናዋ ፊት ለፊት አቋርጣ ሮጠች።

በለጠች ያኔ ያየችው መኪናዋን ሳይሆን የልጇን ክንድ ነው። ክርኑ ወደ ጎድኑ ተመለሰ። እጁ ዘንጉን ይዞ ወደ ደረቱ መጣ። መኪናዋ አጓራችና ዘለለች። ታደለ መሪውን ጠምዝዞ ቦራን ሳታት። ፍሪሲዮኑንና ፍሬኑን ሲረግጥ የመሪጌታ ክምር ውስጥ ገብቶ ነበር።

ከላንድክሩዘሯ የሚታየው የኋላ ጎማዋና ትርፍ ጎማዋ ብቻ ነው። ድርቆሹ ከላይ ቀስ እያለ ይንሸራተትባታል።

ይግዛው ሮጠ። ገዱ ሮጠ። ከሁሉ የሮጠችው ግን በለጠች ናት፤ እየጮኸችም ነበር። ዋይታ መስሏቸው ከመንገድ የነበሩ ሰዎች ሁሉ ተከተሏት። ዋይታ ግን አልነበረም።

“ይስባል!” ነበር የምትለው። “ገዱ! ይስባል! ሲደነግጥ ይስባል!”

ታደለ ድርቆሹን በክንዱ እየገፋ ከበሩ ብቅ አለ። ጸጉሩ ሣር፣ ጆሮው ሣር ነው። ደህና መሆኑን ከእግር እስከ ራሱ ዳብሳ አረጋገጠች። ወዲያው ደግሞ ወደ ገዱ ዞረች፤ ፊቷ እንደ ሙሽራ እናት በርቷል።

“በቅሎ ላይ ነው ያደገው! ሳይራመድ በፊት አባቱ ከፊቱ አስቀምጦት ይሄድ ነበር። በቅሎ ስትደነግጥ ምን ትላለህ? ልጓሙን ሳበው! ሳበው ትቆማለች! አንተ ደግሞ ሲስበው የሚሮጥ ነገር ሰጠኸው!”

ገዱ ግሪስ በነካው እጁ ግንባሩን መታ። “እኔ ቆላ ትራክተር ላይ ነው ያደግሁት” አለ። “ትራክተር ልጓም የለውም።”

“አልደነግጥም ብለህ አልነበር?” አለ ይግዛው ልጁን ሣሩን ከትከሻው እያራገፈ።

“እኔ አልደነገጥኩም” አለ ታደለ። “እጄ ነው።”

መጀመሪያ ገዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቁ። በሳቁ መሐል መሪጌታ ኪዳነ ማርያም ጃንጥላቸውን እንደ መቋሚያ እየተደገፉ ደረሱ።

“በድርቆሼ ውስጥ የሚያጉረመርመው ምንድን ነው?”

“መኪና ነው፣ መሪጌታ” አለ ይግዛው ባርኔጣውን አውልቆ።

መሪጌታ ክምሩን በዝግታ ዞረው ተመለከቱት። “እኔ ይህን የከመርኩት ለሁለት በሬዎች ነበር” አሉ። “ሦስተኛ እንዳለኝ የነገረኝ የለም።”

“ይማሩን አባቴ፣ ጥፋቱ የኛ ነው” አለች በለጠች ጎንበስ ብላ።

“ሰው ተጎድቷል?”

“አልተጎዳም።”

“እንግዲያው ተመስገን በሉ። ድርቆሽ ቢፈርስ ተመልሶ ይከመራል። ሰው አይከመርም።” ከዚያ የጃንጥላቸውን ጫፍ ወደ ፈረሰው ክምር ቀሰሩ። “መከመሩ ግን ዛሬ ይሁን።”

ያን ከሰዓት ሁሉም ከመሩ። ገዱ በሹካ ሽቅብ ያቀብላል። ይግዛው ላይ ሆኖ ይረግጣል። በለጠችና የመንገዱ ሰዎች ይሸከማሉ። ታደለ ምርኩዙን ጥሎ በአንድ እግሩ እያነከሰ ሲያመላልስ በለጠች በልቧ ከእናቱ በቀር ሌላ ሰው እንዳያየው ተመኘች፤ ደስ ያለው ልጅ በዓይን ይበላል። ክምሩ ሲያልቅ ከድሮው ከፍ ያለ፣ ግን ትንሽ ወደ ዳባት ያጋደለ ሆነ። መሪጌታ አዩትና “ይሁን፤ በሬዎቼ አይመርጡም” አሉ።

ዓርብ ጧት ገዱ ዘንጉን ፈታው። በፊት ገመዱ የታሰረው ዘንጉ ከሚዞርባት ብሎን በላይ ነበር፤ አሁን ከብሎኗ በታች አሰረው። የዘንጉ ራስ ወደ ፊት ሲገፋ የታች ጫፉ ወደ ኋላ ይመጣል፤ ገመዱን ይስባል፤ ነዳጅ ይሰጣል። ራሱን ወደ ደረት ከሳቡት ገመዱ ይለቀቃል፤ ሞተሩ ይረጋል።

“በቃ፣ ልጓም ሆነ” አለ ገዱ። “አንድ ነገር ይቀራል። መኪናዋን ሌላ ሰው ቢይዛትስ? የቱ ወዴት እንደሆነ ይጻፍበት።” የታርጋ ቁጥር የሚያድስበትን ትንሽ ብሩሽና ቀይ ቀለም አወጣ። “ታደለ፣ ጻፍ።”

ታደለ ብሩሹን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። ከዚያ ወደ እናቱ አየና እጁን መለሰ። “የተማረ ሰው ቆሞ እኔ ምን አገባኝ” አለ።

“ተው አንተ!” አለች በለጠች። “ቢበላሽስ?”

“ገዱ በቤንዚን ይጠርገዋል።”

ከመማሪያ ክፍሉ ውጪ ምንም ነገር ጽፋ አታውቅም። እዚያ ስህተት ቢሆን የሚያየው ሰሌዳው ነው፣ ወዲያውም ይጠፋል። ይህ ግን ሊቀር ነው። ብሩሹን በሁለት እጇ ይዛ ከዘንጉ ጀርባ ባለው ብረት ላይ ጎንበስ አለች። ወደ ፊት በሚገፋበት በኩል “ሂድ” ብላ ጻፈች። ወደ ደረት በሚመጣበት በኩል “ቁም” አለች። ይችኛዋን ስትጽፍ እጇ ጠንከር ስላለ ከ“ሂድ” ይልቅ “ቁም” ገዘፈች፤ ቀለሟም ትንሽ ፈሰሰ።

ገዱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አነበበ። “ከርቀት ይነበባል” አለ። “የእናት ጽሕፈት መሆኑም ያስታውቃል። ቁምን አግዝፈዋታል።”

ከሰዓት በኋላ እንደገና ወደ መስኩ ወጡ። አሁን ፈተናውን ያዘጋጀው ይግዛው ነው። የመሪጌታን ጃንጥላ ለምኖ ተዋሰ። በየት በኩል እንደሚመጣ ለማንም አልተናገረም። ታደለ ዘንጉን እየገፋ ሲመጣ ይግዛው ከድንጋይ ካቡ ጀርባ ዘሎ ወጣና ያን ትልቅ ጃንጥላ ቧ አድርጎ ዘረጋው። “ሃይ!” ብሎም ጮኸ።

የታደለ እጅ ወደ ደረቱ መጣ። ሞተሩ ወዲያው ረገበ። ፍሬኑን በሙሉ እግሩ ረገጠ፤ መኪናዋ ከጃንጥላው በጣም ርቃ፣ እንደታዘዘች በቅሎ ቆመች።

“ድገመው!” አለች በለጠች። ይህን ያለችው እሷ መሆኗ ራሷንም ገረማት።

ይግዛው ከክምሩ ጀርባ ወጣባት። ከቁጥቋጦ ወጣባት። አንድ ጊዜ ጃንጥላው አልከፈት ብሎት በባዶ እጁ ዘለለ። በለጠች እያንዳንዱን ጊዜ የምታየው ክርኑን ነው። ክርኑ በመጣ ቁጥር ሞተሩ ይረጋል። የፈራችው ነገር አንድ ባንድ ከፊቷ ሲታጠፍ እያየች ሆዷን ይዛ ሳቀች። መሪጌታ ከክምራቸው ፊት ሳይንቀሳቀሱ ቆመው ነበር፤ እንግዳ ደርሶ እንዳይገባባቸው የሚጠብቁ ይመስላሉ።

“ዛሬ እንኳ ድርቆሽ አልበላችም” አሉ በመጨረሻ። “ጃንጥላዬን መልሱልኝ።”

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንዳርጋቸው ከጎንደር አውቶቡስ ወረደ። ለአክስቱ ስኳር፣ ለይግዛው ፎጣ፣ ለታደለ አዲስ ሸሚዝ ይዟል። “ካዝና ላይ የምትለብሰው ነው” አለው።

ታደለ ሸሚዙን አመሰገነና “መኪናዋን ሳታይ አትገዛም መቼም። ና ላሳይህ” አለ።

ወደ ሊማሊሞ አፋፍ በሚወስደው መንገድ አብረው ወጡ። በለጠች ደጃፏ ላይ ቆማ ጠበቀች። ቤት ውስጥ ሌላም የተዘጋጀ ነገር ነበር፤ በነጠላ የታሰረ ዳቦ፣ የበሶ ቋት፣ ለሕፃን የምትሆን ነጭ ጋቢ። ልጇ እስከዳር አዲ አርቃይ ተድራ፣ እዚያው ጤና ጣቢያ ትሠራለች። የመጀመሪያ ልጇን እዚያው ወልዳ ነገ ክርስትና ታስነሣታለች። በለጠች የልጅ ልጇን አላየቻትም። ታደለን እያስታመመች ነበር፤ ይህ አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ምክንያት ሊማሊሞ ነው። ያን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በዕድሜዋ የወረደችው አንድ ጊዜ፣ በእስከዳር ሠርግ ነው። ያኔም ከአፋፉ እስከ ግርጌው ድብ ባሕር ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጠቅልላ ስለነበር ስለ መንገዱ የምታውቀው የሚያዞር መሆኑን ብቻ ነው። “ዳቦውን ለታደለ እሰጠዋለሁ፤ ለሌላ ሾፌርም ቢሆን አስይዛለሁ” ብላ ነበር ለይግዛው የነገረችው።

መኪናዋ ተመለሰች። አንዳርጋቸው ወርዶ ሱሪውን አራገፈ፤ በዙሪያዋም አንድ ጊዜ ዞረ። ከዚያ አክስቱ ፊት ቆመ።

“አክስቴ፣ ይህችን መኪና አልገዛም።”

በለጠች ወደ መኪናዋ ዞረች። “ምነው? ምን ሆነች?”

“ምንም አልሆነች። ያየሁትን ልንገርሽ። አፋፉ ላይ ከብት ድንገት ገባብን። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ቆመናል፣ ላሚቱም ቆማ ታየናለች፣ ታደለ ደግሞ እየሳቀ ‘እለፊ እመቤቴ’ ይላታል።” አንዳርጋቸው ራሱ ሳቀ። “መኪናዋን ብገዛ ሾፌሩ አብሮ አይሸጥልኝም። ያለ እሱ ደግሞ ምን አደርጋታለሁ?”

“ወንበሩስ?” አለ ታደለ። ጆሮውን አላከከም።

“ወንበሩ ወንበር ነው፤ የትም አይሄድ። አንተ ግን እንዲህ እየነዳህ ካዝና ላይ ባስቀምጥህ ቀኑን ሙሉ ዘንግ ስትፈልግ ነው የምትውለው።” ትከሻውን መታ አደረገው። “ሸሚዙን አልመልስም ካልክ ለክርስትናው ልበሰው።”

ታደለ ለበሰው። ገዱ ሊሰናበት መጥቶ ሞላዎቹን አንድ በአንድ ነካቸው፤ ናፍጣውንም አየ። ይግዛው ቦራን በአዲስ ገመድ አስሮ ሲመለስ የበሶውን ቋት አነሣና ከኋላ ጫነ። በለጠች ዳቦውን ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጠች። ጋቢዋንም አጣጥፋ ከላይ አደረገች፤ እንደገና አነሣችና ሌላ አስተጣጠፍ አጠፈቻት። መላ ስታጣ እንዲህ ናት።

ሞተሩ ተነሣ። የፊቱ በር ገና ክፍት ነው።

“እማዬ” አለ ታደለ እጁን ወይራው ላይ አድርጎ፣ “ለእስከዳር ምን ልበላት?”

የምትነግረው ብዙ ነበር። ሕፃኗን ብርድ እንዳይመታት። ጡቷ እንዳይደርቅ አጃ እንድትጠጣ። አማቷን እንድታከብር። አያቷ መጥታ ስላላየቻት እንዳትቀየም። አፏን ስትከፍት ዓይኗ ከመሪው አጠገብ ባለው ብረት ላይ አረፈ። ቀዩዋ “ቁም”፣ ትንሽ የፈሰሰችው፣ ቀጥ ብላ ታያታለች። የገዛ እጇ ናት። ማንም ሳያነብላት አነበበቻት።

ዳቦውን ከወንበሩ አነሣች።

“እኔው እነግራታለሁ” አለችና መኪናዋ ላይ ወጣች።

ታደለ ሞተሩን ሊያጠፋ ምንም አልቀረው። “እማዬ?”

“በሩን ዝጋልኝ ይግዛው። እጄ ዳቦ ይዟል።”

ይግዛው በሩን ዘጋና በመስኮቱ ጎንበስ አለ። ዓይኑ ይስቃል። “ነጠላሽን ዓይንሽ ላይ እስክትጠቀልይ እንጠብቅ?”

“ነጠላዬ ወገቤ ላይ ታስሯል። አንተስ አትመጣም?”

“ነገ ጧት ጓዝ የሚጫንላቸው እንግዶች አሉኝ። ደግሞ ሊማሊሞን በእግሬ ነው የማውቀው፤ አሁን በመኪና ብወርድ ይታዘበኛል።” ዳቦ ያልያዘችበትን አንድ እጇን ጨበጥ አድርጎ ለቀቃት። “ለሕፃኗ አያትሽ በቅሎ ይዞልሽ ይመጣል በያት።”

“ለፍቅርአዲስ ደግሞ ነገ ትምህርት እንደማልገባ ንገርልኝ። ሄጃለሁ በላት።”

ታደለ የወይራውን ዘንግ ወደ ፊት ገፋ አደረገው፤ መኪናዋም አጉረመረመች።

አንዳርጋቸው በከሰዓቱ አውቶቡስ ብቻውን ወደ ጎንደር ተመለሰ። ይግዛው ከበቅሎዎቹ ጋር ደባርቅ ቀረ። በለጠች ዓይኗን ገልጣ በሊማሊሞ ወረደች።